ለእድር የላክሁት ታሪክ

ጓደኛዬ ታሪክ በድምፅዋ እየቀዳች ለሴቶች ማኅበራችን የቴሌግራም ግሩፕ መላክ የጀመረች ሰሞን፣ እኔ ሳልሰማ ልብ መጫን ጀመርኩ። ስድስት ደቂቃ የሚፈጅ ታሪክ ትልካለች፤ እኔ ወዲያው ቀዩን ልብ ጭኜላት ስልኬን ዘወር አደርጋለሁ። ብሰማው ጥሩ እንደሚሆን አውቃለሁ፣ ችግሩ እሱ ነው።

ድሮ እዚህ አሜሪካ፣ ኖርክሮስ ከተማ አንድ አፓርታማ ተጋርተን ስንኖር ጨዋታ አዋቂዋ እኔ ነበርኩ። ከሥራ ገብተን እግራችንን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክረን እኔ አወራለሁ፣ እሷ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። "አንቺ እኮ መጻፍ አለብሽ" ትለኝ ነበር። እኔ ደግሞ ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው ነኝ፤ ያወቅሁትን ያወቅሁት ያገኘሁትን ሁሉ እያነበብኩ ነው። እሷ ዲግሪ አላት። እሷ ስትጀምር ማንም "ምን አውቃ ነው?" አላላትም። እኔን ሊሉኝ የሚችሉትን ግን ማንም ሳይለኝ እኔው ለራሴ ብዬ ጨርሼዋለሁ።

ማኅበር ስንሰበሰብ ሴቶቹ የሚያነሱት እሷን ነው። "ከሎረንስቪል ሚድታውን ድረስ ለሥራ ስነዳ መንገዱ አይታወቀኝም፣ እድሜ ለእሷ" ትላለች አንዷ። እኔም "እውነት ነው" እላለሁ፣ ወጡን ከሚገባው በላይ እያማሰልኩ። ሌላዋ ዞር ብላ "አንቺም እኮ ጨዋታ ታውቂያለሽ" አለችኝ። ያ "አንቺም እኮ" ሳምንት ሙሉ ከረመብኝ።

ስልኬ ውስጥ ግን የእኔም ነበሩ። በምሳ ሰዓት መኪናዬ ውስጥ መስኮት ዘግቼ እቀዳለሁ፣ አዳምጣለሁ፣ ድምፄ ያስጠላኛል፣ አጠፋለሁ። አንድ ሐሙስ ግን አንዱን ማጥፋት አሳሳኝ። ሰባት ጊዜ የመንጃ ፈቃድ ፈተና ስለወደቀች ሴት ነበር። ስምንተኛው ፈተና ላይ ደርሼ፣ ፈታኙ መሀል መንገድ ላይ በሩን ከፍቶ ሲወርድ የምሳ ሰዓቴ አለቀ። እስከዚያው ለእህቴ ልኬላት ልግባ ብዬ በችኮላ ተጫንኩና ወደ ሥራዬ ሮጥኩ።

የላክሁት ለእህቴ ሳይሆን ለእድሩ ግሩፕ ነበር።

በእድራችን ግሩፕ ላይ ሰው ካልሞተ ማንም ትንፍሽ አይልም። ደንብ ነው፤ ለበዓል እንኳን አደረሳችሁ እንኳ አይላክም። ስለዚህ አንድ ነገር ከገባ፣ ሰው አርፏል ማለት ነው።

ከሥራ ስወጣ ስልኬ በጥሪ ተሞልቷል። ደጋግመው የደወሉት የእድሩ ሰብሳቢ ናቸው። መልሼ ደወልኩላቸው።

"አይዞሽ ልጄ" አሉኝ። "የት መንገድ ላይ ነው ያረፈችው?"

"ማን፣ ጋሼ?"

"መኪና ስትለማመድ የነበረችው ነቻ።"

"ጋሼ፣ እሷ አልሞተችም። የለችምም። ፈጥሬያት ነው።"

"እኔ እኮ አሁን ተጋጨች፣ አሁን ተጋጨች እያልኩ ነው የሰማሁት። አምስተኛው ላይ ስትወድቅማ ሳቄ አመለጠኝ። በሰው ሞት ሳቅሁ ብዬ ስጸጸት ነው የዋልኩት።"

"ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አሁኑኑ ዲሊት አደርገዋለሁ።"

"አድርጊው፣ ደንብ ደንብ ነው። ግን ፈታኙ ለምን ወረደ?"

"አልጨረስኩትም።"

"ሴትዮዋን መሀል መንገድ ላይ ትተሻት ሥራ ገባሽ?"

አጠፋሁት። ፊቴ በእፍረት እየጋለ መኪናዬ ውስጥ ቁጭ አልኩ። ከእፍረቱ ሥር ግን ሌላ ነገር ነበር፤ ለጓደኛዬ ደውሎ "ከዚያስ?" ያላት ሰው መኖሩን ሰምቼ አላውቅም። ይሄን ማሰቤ ደግ ሰው አያሰኘኝም፤ ሆኖም ያነሳሳኝ እሱ ነው።

መጨረሻውን ለጋሼ ብቻ መላክ እችል ነበር። የሴቶቹን ግሩፕ ከፈትኩ። የጠዋቱ ታሪኳ እዚያው አለ፣ ልቦች ተደርድረውበታል። ስንት ወር የፈራሁት የእኔን ከእሱ ሥር ማስቀመጥን ነበር። ከመጀመሪያው አንስቼ ቀዳሁት፤ ፈታኙ ለነፍሱ ፈርቶ ወርዶ፣ በእግረኛ መንገድ አጠገቧ እየተራመደ "ወደ ቀኝ፣ አሁን አቁሚ" እያለ ሲፈትናት፣ በመጨረሻም ስታልፍ። መልሼ ሳላዳምጠው ላክሁት።

ጓደኛዬ ደወለች። "ሰማሁት" አለችኝ። "የፈታኙን መውረድ ከየት አመጣሽው?"

"እንጃ፣ መጣልኝ።"

"ሁለት ቀን ሙሉ ስጽፍ ውዬ የጠዋቱን ላክሁ። አንቺ መኪና ውስጥ ቁጭ ብለሽ መጣልኝ ትያለሽ።"

ስቃ ነው ያለችው፤ ከሳቁ በታች ያለውን ግን ወዲያው ለየሁት፣ ስንት ሌሊት አብሬው ያደርኩት ቅናት ነው። አንድ ደግ ቃል ልላት ይገባኝ ነበር። እኔ ግን ደስ አለኝ።

"እሺ፣ ቅዳሜ እኔ እልካለሁ፣ ሰኞ አንቺ" አለችኝ በመጨረሻ።

"እሺ" አልኳት። ስልኩን ስዘጋ የቅዳሜው ታሪኳ እንዳያምርላት በልቤ ተመኘሁ፤ ከዚያ ሞተሩን ሳላስነሳ የሰኞውን መፈለግ ጀመርኩ።