ከጅቡቲ መጣ የተባለው ቅባት

መጀመሪያ ያየሁት ትራሴ ላይ ነው። ባለቤቴ ሲሞት ለሐዘኑ የተቆረጥኩት ፀጉር ገና ሳያድግ ከነሥሩ ይረግፍ ጀመር። ከጆሮዬ በላይ ሳንቲም የሚያህል ክብ ላሽ ወጣ። ቀጥሎ ሌላ። ከዚያ አናቴ።

ሰው ግን በሽታ አልመሰለውም። ከቀበሌ ስብሰባ ስንወጣ ጥቁር ሻሼ ቢንሸራተት የሰፈራችን የሳቢያን ሴቶች አዩኝ። «ተላጭታለች! ለባሏ እንዲህ ያዘነች አላየንም» አሉ። ተመሰገንኩ። ሕመሜን የምነግረው ሰው አጣሁ።

የነገርኩት ለባለቤቴ ታላቅ እህት፣ ለእትዬ ዘነበች ብቻ ነው። በቆርቆሮ ቅባት አመጣችልኝ።

«የፈረንሳይ መድኃኒት ነው፤ በባቡር ከጅቡቲ የገባ። ኮንትሮባንድ ስለሆነ ለሰው እንዳትተነፍሺ።»

ማታ ማታ ራሷ አሸችኝ። አቃጠለኝ። «ሲያቃጥል ነው የሚሠራው» አለች። አመንኳት። አናቴ ቆሰለ። መገለ።

ቆርቆሮውን ይዤ ከዚራ ሰፈር ወዳለው ሐኪም ሄድኩ። ሻሼን አስፈትቶ ቁስሉን አየ። ቆርቆሮውን አሸተተ።

«ፈረንሳዮች ሚጥሚጣ ይቀባሉ እንዴ?»

ቤት ተመልሼ ስጠይቃት እትዬ ዘነበች አልካደችም። ሳቀች። «የበግ ላት ነው፤ በሚጥሚጣ እኔው አነጠርኩት። እውነቱን ብነግርሽ ትቀቢው ነበር? ጓድ ሐኪምሽ የተሻለ አለው?»

«ቁስሉን እያየሽ ነበር፣ እትዬ።»

ሳቋ ቆመ።

ቁስሉ ሲደርቅ ሐኪሙ በሽታው አሎፔሺያ አሬታ እንደሚባል፣ የሰውነት መከላከያ የገዛ ራሱን የፀጉር ሥር ሲያጠቃ እንደሚመጣ በትዕግሥት አስረዳኝ። «የሴል ሽፋን በአብዛኛው ከስብ የተሠራ ነው» አለኝ። «ሴሉ ሲጎዳ ከዚያ ስብ ፕሮስታግላንዲን የሚባል መልእክተኛ ይሠራል። መልእክተኛው ለጎረቤት ሴሎች ወሬውን ያደርሳል፤ ቦታው ያብጣል፣ ይቆጣል። ከላይ የሚቀባ የበግ ስብ ይህን መልእክት አይለውጥም።» ኮርቲዞን በመርፌ ላሹ ላይ ወጋኝ። መድኃኒቱ ቁጣውን እንደሚያበርድ፣ ፀጉሩ የሚመለሰው ግን ሥሩ በሕይወት ካለ ብቻ እንደሆነ አልደበቀኝም።

ከወራት በኋላ ከጆሮዬ በላይ እንደ ጥጥ የነጣ ለስላሳ ፀጉር ብቅ አለ፤ ቀስ በቀስም ጠቆረ፣ ጠነከረ፣ ማበጠሪያም ያዘ። ቅባቱ ያቃጠለው አናቴ ግን ጠባሳ ሆኖ ቀረ። እዚያ አይበቅልም።

እውነቱን ሳይሸሽግ ላከመኝ ሐኪም ምስጋናዬ ብዙ ነው። ላሽ የወጣባችሁ እህቶች፣ ሳትውሉ ሳታድሩ በሐኪም ታዩ። የሚቀባው ነገር ሁሉ ምን እንዳለበት ጠይቁ፤ የምትወዱት ሰው ሲያመጣው ደግሞ አብልጣችሁ ጠይቁ። እኔ ያልጠየቅኩት፣ እትዬ ዘነበች ስታሸኝ እጇ የባለቤቴን እጅ ይመስለኝ ስለነበር ነው።