በልብ ወለድ ለሞቱት ዱዓ

አላህ ይዘንላቸውና፣ አጎቴ ዓይናቸው ከታወረ ወዲህ ከጁምዓ መልስ የዱሮ ልብ ወለድ የማነብላቸው እኔ ነበርኩ። የከሚሴ ባጃጅ ሁሉ ባንዴ ጡሩንባ ቢነፋ አንዲት ቃል አታመልጣቸውም። በታሪኩ ውስጥ ሰው ሲሞት ግን መዳፋቸውን ዘርግተው በኦሮምኛም በአማርኛም ያስቆሙኛል።

«ዻቢ! ቁም እንጂ! ዱዓ ሳይደረግለት ወዴት ትሮጣለህ?»

«አጎቴ፣ ሰውየው እኮ ፈጠራ ነው!»

«አንተ ቀልማዳ፣ ሐዘኔም ፈጠራ ነው?»

ያን ጊዜ ቤተኛው ሁሉ «አሚን!» ይላል። በወረቀት ላይ ለሞተ ሰው እንዲህ የሚለመንበት ቤት በዓለም ያለ አይመስለኝም።

ባለፈው ሳምንት እሳቸውን ቀበርን። ትናንት ባዶ መደባቸው አጠገብ ቁጭ ብዬ ያላለቀውን መጽሐፍ ቀጠልኩ። የባለታሪኩ እናት ስትሞት እንደ ልማዴ ንባቤን ገታሁ፤ ቁም የሚለኝ ግን አልነበረም።

የአጎቴ ባለቤት ከጓዳ ጠሩኝ።

«አታቁም ልጄ፤ ዝም ስትል ነው እሳቸው የሞቱ የሚመስለኝ።»