ጨው የሚችለው በቆሎ ፍለጋ ወደ ሁምቦ

ከሶዶ መናኸሪያ በማለዳ ወጣሁ። የያዝኩት የቅጠል ናሙና መያዣ ከረጢትና በረዶ የሞላሁባት ትንሽ ሳጥን ነው፤ የምሄደውም ለአንድ የበቆሎ ዘር ብዬ ነው። ጨዋማ መሬት ላይ በቆሎ ጨዉን ከውሃው ጋር ስቦ ቅጠሉ ድረስ ያወጣውና ይቃጠላል። እኛ በዩኒቨርሲቲ የምናጠናው ዘር ግን ሥሩ ውስጥ በር ጠባቂ አለው። አጓጓዥ ከሚባሉት የዘረመል ቤተሰቦች አንዱ ጨዉን ከመንገድ እየመለሰ ቅጠሉን ያተርፋል። ቤተ ሙከራ ውስጥ ይህን ካየን በኋላ፣ መስኖው ጨው ባመጣበት የሁምቦ ቆላ በአንዲት ገበሬ ማሳ ላይ ዘራነው። መጋዘን ያስቀረነውን ነቀዝ ጨረሰው። ስለዚህ ዘሩ የቀረው እዚያ ማሳ ላይ ብቻ ነበር።

ቁልቁል ወደ ጠበላ

ሚኒባሱ ቁልቁል ሲወርድ የሶዶ ብርድ ወደ ኋላ ቀረ። ሾፌሩ ነዳጅ ተወደደ ብሎ ከታሪፉ በላይ ጠየቀ፤ ማንም አልተከራከረም፤ ክርክርም አቅም ይፈልጋል። እንሰቱ እየሳሳ ሄዶ በመንገዱ ግራና ቀኝ ያየሁት እሸት ሳይዝ የደረቀ በቆሎ ነው።

«ዝናብ የለም እንዴ?» አልኩት ሾፌሩን።

«ደመናውማ በየቀኑ ይመጣል፤ ሰላም ብሎን ያልፋል» አለኝ።

የወረዳው ከተማ ጠበላ ላይ የተቀቀለ ስኳር ድንች በልቼ በሞተር ቀጠልኩ፤ ሞተሩ የማይገባበትን በእግሬ ሄድኩ።

ማሳው ላይ

የማሳው ባለቤት እትዬ አማረች ከሩቅ አይታኝ እየሳቀች ተቀበለችኝ። መሬቱ ነጭ ጨው አውጥቷል። የእሷ ረጃጅም በቆሎ ቆሞ ደርቋል። የእኛን መስመር ለመለየት ያሰርነው ቀይ ጨርቅ እንጨቱ ላይ አለ፤ አጠገቡ ግን ባዶ መሬት ነው።

«እዚህ የነበረው በቆሎስ?»

«ያ ድንክዬው? ነቀልነው እኮ መምህር። ደካማው ጠንካራውን ውሃ ይሻማል። ለላሟ ሰጠነው።»

«አንድም አልቀረም?»

«አንድም! እኛ ሥራ በግማሽ አንተውም።»

እዚህ በቆሎ አጠጋግተው ይዘሩና ደካማውን እየነቀሉ ለከብት ይሰጣሉ፤ ጎበዝ ገበሬ የሚባለው እንዲህ የሚያደርግ ነው። የሰው ሙከራ ነው ብላ አልጣለችውም፤ እንደ ራሷ ማሳ ተንከባከበችው። የእኛ በቆሎ ደግሞ መጀመሪያ ላይ ሥሩን እንጂ ቁመቱን አያበዛም። ይህን አስቀድሞ የነገራት ሰው የለም።

«ግን መምህር፣ ጠንካራው ለምን ሞተ?» አለችኝ የደረቀውን አገዳ እየነካች።

የገደለው ጨው መሆኑን አውቃለሁ። «ፀሐዩ ነው» አልኳት።

ቤት አስገብታ ወተት ቀዳችልኝ። «ይጠጡ፤ ላሟ ዘንድሮ ጥሩ ትታለባለች።» ከየት እንደመጣ እያወቅሁ ጠጣሁት። ይጣፍጣል፤ ማልቀስ አማረኝ።

ወደ ሶዶ

ስመለስ ሳጥኑ ውስጥ የቀረው ውሃ ነበር። ደጄ ላይ ደፋሁት። ዘረመሉ ጨዉን ይመልሳል፤ የሚያርም እጅን ግን አይመልስም፤ እሱን መመለስ የእኛ ሥራ ነበር። እትዬ አማረች እስከ መንገዱ ሸኝታኝ ያለችኝ ጆሮዬ ላይ ቀርቷል፦ «ለሚቀጥለው ዓመትም ዘር ይዘው ይምጡ፤ አሁንም በደንብ አርምልዎታለሁ።»

እሺ ብያታለሁ። የምወስድላት ዘር ግን የለኝም።