ከደረጃው ታች የመጣ አቤት

በመሥሪያ ቤቱ ሁሉም «ጠበቃው» ይሉታል። ሕግ ተምሮ አይደለም፤ የሠራተኛ ማኅበሩ ተወካይ ስለሆነ ነው። የዲሲፕሊን ኮሚቴ በተሰበሰበ ቁጥር ከተከሳሹ ጎን ተቀምጦ ይሟገታል፣ ነገር ያዋዛል፣ ኃላፊዎቹን ሳይወዱ ያስቃል። ምላሱ ስለታም ቢሆንም ሆዱ ቡቡ ነው፤ ጣጣውም የመጣው ከዚሁ ነው።

በዚያ ቤት አንድ ደንብ አለ። ተከሳሽ ካልቀረበ ተላላኪው በሩን ከፍቶ ወደ ኮሪደሩ ሦስት ጊዜ ስሙን ይጠራል። መልስ ከጠፋ በሌለበት ይወሰናል፤ ይግባኝ ብሎ ነገር የለም። ደንብ ሆኖ ተጽፏልና ማንም አፍሮበት አያውቅም።

የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ ከሥራ ቀርተሻል ተብላ የተከሰሰች ጊዜ፣ የሰው ኃይል ኃላፊው ጠበቃውን ደረጃ ላይ ያዘው።

«እሷን ተዋት። እኔም የተከሰሱትን ሁለት ጥበቃዎች በማስጠንቀቂያ አልፍልሃለሁ፤ የልጆች አባት ናቸው።»

ሁለት ቤት ከሚፈርስ አንድ ይፍረስ ብሎ ራሱን አባበለና ተስማማ።

የስብሰባው ሰዓት ሳይነገራት ወደ ጠዋት ተሳበ። ተላላኪው ጠራ፣ ደገመ። በሦስተኛው ከደረጃው ታች ሩጫ ያቆራረጠው የሴት ድምፅ «አቤት» አለ። ጠበቃው ጥርት አድርጎ ሰማው። ዙሪያውን ቢቃኝ ሁሉም አቀርቅረዋል። እሱም አቀረቀረ። በሩ ተዘጋ፤ እሷ ደርሳ ስታንኳኳ የስንብቱ ውሳኔ ተፈርሟል።

ሴትዮዋ ሌላ ከተማ እህቷ ዘንድ ሄደች። ድምጿ ግን ቀረ። ተላላኪው ማንንም ቢጠራ፣ በሦስተኛው ያው «አቤት» ይመጣል። ጠበቃው አንድ ቀን ሮጦ ወጣ። ኮሪደሩ ገና ተወልውሎ እርጥብ ነው፤ የእግር ዱካ የለበትም። ያን ጊዜ ከልቡ ፈራ።

ለሚስቱ ነገራት።

«አስመልሳታ» አለችው። «የሠራኸውን አንተው ታውቃለህ።»

በአንድ ሹፌር ጉዳይ ላይ ድምፁ እንደገና መጣ፤ አሁን በሩ ሥር ነው። ጠበቃው ተነሣ።

«የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ ያን ቀን መጥታ ነበር። አቤት ስትል ሰምቻለሁ። ጉዳይዋ እንደገና ይታይ፤ እኔም ልጠየቅ።»

ማንም ቀና አላለም። ሰብሳቢው መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ።

«ሁላችንም ሰምተናል» አለ በለሆሳስ። «አሁንም እንሰማታለን። ተቀመጥ ወንድሜ፤ ይለመዳል።»