ሙሉውን ሄልሜት የመረጥኩ ቀን

ትናንት ጠዋት የጽሕፈት ቤታችንን ንብረት ክፍል ስከፍት የአዲስ ስፖንጅ ሽታ ተቀበለኝ። መደርደሪያው ላይ ሁለት ሄልሜቶች ተቀምጠዋል፤ አንዱ እስከ አገጭ የሚሸፍን፣ ሌላው ፊትን ክፍት የሚተው። አንተ ይህን ሽታ ላታውቀው ትችላለህ። እኔ ግን በሸተተኝ ቁጥር ሃያ አራት ዓመቴ ይመለሳል፤ ቅናቴም አብሮት ይመለሳል።

ያኔ ወሎ፣ መካነ ሰላም ላይ አዲስ ተቀጣሪዎች ነበርን፤ እኔ የእንስሳት ጤና፣ ጓደኛዬ የሰብል ባለሙያ። አንድ ክፍል ተከራይተን ከአንድ ሳህን እንበላ ነበር። ሁለት ቀያይ ሞተሮች ሲሰጡን ሄልሜቶቹ ሁለት ዓይነት ሆነው ተገኙ። በአንድ ሳምንት ቀድሜ ስለተቀጠርኩ "ምረጥ" ተባልኩ። ለአፍታም አላመነታሁም። ሙሉው ጥቁር ነው፣ ያብረቀርቃል፣ መስታወቱ ሲወርድ ጠቅ ይላል። ለጓደኛዬ ክፍቱ ደረሰው። "ድስት ደፋህ!" ብዬ ሳቅኩበት። እሱም አብሮኝ ሳቀ።

ሳቄ ግን ሦስት ሳምንት አልቆየም። ወደ ወግዲ በሚወስደው መንገድ ሰው ሰላምታ ሳይሰጥ አያልፍም። ውሃ ቀድታ የምትመለሰውም፣ ማሳ ውስጥ ያጎነበሰውም ቀና ብሎ "እንዴት ዋልክ?" ይላል፤ ጤናህን፣ ዘመድህን፣ መንገድህን ይጠይቃል። ጓደኛዬ እየነዳ ይመልስላቸው ነበር፤ ጥርሱ ይታያል፣ ድምፁ ይሰማል። እኔም እመልስ ነበር እኮ! ድምፄ ግን እዚያው ሄልሜቱ ውስጥ ዞሮ ለራሴ ጆሮ ይቀራል። በወሩ ገበሬው ሁሉ እሱን በስሙ ሲጠራው እኔን "ያ ኩሩው" ይለኝ ጀመር። እሱ ከየመንደሩ የተሰጠውን እሸት ባቄላ ከኪሱ እያወጣ፣ አቧራ የጠጣ ፊቱን እየታጠበ ሲያፏጭ፣ እኔ ንጹሕ ፊቴን ይዤ እበሽቅ ነበር።

ይህንንስ እችለው ነበር። ያልቻልኩት የአንዲት ነርስን ነገር ነው። በመንገዳችን ላይ ባለው ጤና ጣቢያ ትሠራለች። የሞተር ድምፅ ስትሰማ በር ላይ ብቅ ትላለች። ለእሱ እጇን ታውለበልባለች፤ ለእኔ፣ ለባለሥልጣን እንደሚደረገው፣ አንገቷን ዝቅ ታደርጋለች። እወዳት ነበር። ለማንም አልተናገርኩም፣ ለእሱም ጭምር። አንተ መስታወቱን ብድግ አድርጎ "ደህና ዋልሽ" ማለት ምን ይከብዳል ትለኝ ይሆናል። እኔ ሳልነግራት እንድታውቀኝ ፈለግኩ፤ ነገሩ ይኸው ነው።

አንድ የሐምሌ ቀን ከከብት ክትባት ስመለስ አንዲት እናት ዳገቱ ሥር ዝናብ ሲደበድባቸው አገኘኋቸው። እግራቸው ወለም ብሏቸው ቁጭ ብለዋል። ሞተሩን አቁሜ እንዲወጡ በእጄ ምልክት ሰጠኋቸው። ፊቴን ስላላዩ ዕድሜዬንም አላወቁም።

"ኧረ ተዉኝ አንቱ፣ በዚህ ነገር ተቀምጬ አላውቅም፣ ያረቢ!" አሉኝ።

ጃኬቴን አልብሼ ከኋላዬ አፈናጠጥኳቸው። ወገቤን በሁለት እጃቸው ጥርቅም አድርገው፣ ግንባራቸውን ጀርባዬ ላይ ደፍተው፣ መንገዱን ሙሉ ሲመርቁኝ ሄዱ። ምርቃቱ ሄልሜቴን ከሚመታው ዝናብ ጋር ተቀላቅሎ ይሰማኝ ነበር። ጤና ጣቢያው በር ላይ አወረድኳቸው፤ መስታወቱን ሳላነሳ ጃኬቴን ተቀብዬ ሄድኩ። የነርሷ እናት መሆናቸውን አላወቅኩም።

በማግስቱ ነርሷ ትኩስ ድፎ ዳቦ ይዛ ቤታችን መጣች። ለማን ዘረጋችው? ለእሱ። እናቷ "ቀይ ሞተር ነው፣ በዝናቡ ፊቱን ግን አላየሁትም" ብለዋታል፤ የቀረውን ልቧ ሞላው።

"እናቴን በዚያ ዝናብ ያደረስክልኝ አንተ ነህ፤ ሌላ ማን ያደርገዋል?" አለችው።

"እኔ አይደለሁም፣ ወላሂ! እሱ ይሆናል" ብሎ ወደ እኔ ጠቆመ።

ትሕትናው መስሏት ሳቀች። ከዚያ ዞር ብላ "አንተ ነህ እንዴ?" አለችኝ። ድምፅዋ ውስጥ ያለው መገረም አቃጠለኝ።

"እኔ ማንንም አልጫንኩም" አልኩ።

ያልኩት በቅናት ነው፤ ሌላ ስም የለውም። ጃኬቴ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ገና ያንጠባጥብ ነበር። ጓደኛዬ ጃኬቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ዳቦውን መቁረስ ጀመረ። ዳቦውን ሦስታችንም በላን።

በዓመቱ ተጋቡ። ሚዜው እኔ ነበርኩ። የሙሽራዋን እናት ጉልበት ስሜ ዞር ስል ከኋላ ኮቴን ያዙኝ። መዳፋቸውን ጀርባዬ ላይ፣ ያን ቀን ግንባራቸው ባረፈበት ቦታ ላይ አሳረፉ።

"አንተ ነበርክ" አሉኝ ቀስ ብለው። "ይህ ጀርባ እንዴት ይጠፋኛል? ምነው ዝም አልክ ልጄ?"

"ዝናብ ነበር፣ እማማ" አልኳቸው።

"አብሽር" ብለው መታ መታ አደረጉኝ። ለልጃቸው ይንገሯት አይንገሯት እስከ ዛሬ አላውቅም። አልጠየቅኩም።

ትናንት ታዲያ አዲስ የተመደበችልን ወጣት የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሁለቱን ሄልሜቶች እያገላበጠች "የቱ ይሻለኛል?" አለችኝ። ክፍቱ አገጭ አያድንም። ጓደኛዬ እሱን አድርጎ ወድቆ ሁለት የፊት ጥርሱን አጥቷል፤ ሚስቱ ያንንም ክፍተት ትወድለታለች።

"ሙሉውን ውሰጂ" አልኳት። "ግን ሰው ስታገኚ መስታወቱን አንሺ።"

በመስኮት በዓይኔ ተከተልኳት። ግቢው በር ላይ አንድ ሽማግሌ ሲሻገሩ ሞተሯን አቆመች፤ በአንድ ጣቷ መስታወቱን ወደ ላይ ገፋ አድርጋ "እንዴት አደሩ አባባ?" አለቻቸው። ሽማግሌው ከዘራቸውን ተደግፈው ቆሙ፤ የማን ልጅ እንደሆነች ይጠይቋት ጀመር።

የሚያስፈልገው አንድ ጣት ብቻ ነበር። ቀናሁባት።