ልጄን ከጨርቅ ያወጣሁበት ክረምት

ያ ክረምት ትዝ ሲለኝ መጀመሪያ የሚመጣልኝ ጭጋጉ ነው። አምቦ ላይ ጠዋት ጠዋት ከወንዙ ተነስቶ ግቢያችን ድረስ ይዘልቅና ባሕር ዛፎቹን እስከ ወገባቸው ይሸፍናቸው ነበር። የሁለት ዓመቷ ልጄ በረንዳው ላይ ቀይ ፖፖዋ ላይ ተቀምጣ፣ ቀሚሷን እስከ ደረቷ ሰብስባ፣ ዝም ብላ ጭጋጉን ታያለች። እኔ አጠገቧ ቁጢጥ ብያለሁ። ሁለታችንም አንድ ነገር እንጠብቃለን። እንደዚያ ባለው ሰዓት አብዮት ይኑር፣ ቢሮ ይኑር፣ ሁሉም ከሐሳቤ ይወጣ ነበር።

ሚስቴ ጤና ረዳት ናት፤ ለአንድ ዓመት ኮርስ አዲስ አበባ ሄዳለች። እኔ የአውራጃው መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ሥራ ስገባ ልጄን የምትይዝልኝ አጥር የምንጋራት አንዲት ጠና ያለች ጎረቤቴ ናት። ከቢሮ ስመለስ ከእጇ ላይ እረከባታለሁ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የእኔ ነው፤ ማብላቱም፣ ማስተኛቱም፣ ጨርቅ መቀየሩም።

ሐምሌ ሊያልቅ ሲል አማቴ ከአዲስ ዓለም መጡ። የደረሱት ልጄን አጋድሜ፣ እግሯን ሽቅብ ይዤ ጨርቅ ስቀይርላት ነው። ደጃፉ ላይ ቆሙና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«ወንድ የሴት ልጅ ጨርቅ ሲቀይር አይቼም ሰምቼም አላውቅ» አሉ። «እወስዳታለሁ። አዲስ ዓለም ለእናቷም ይቀርባታል።»

«እማማ፣ ልጄ ከእኔ ጋር ነው የምትሆነው» አልኳቸው። ቁጣዬ የገለባ እሳት ነው፤ ቦግ ብሎ ይጠፋል። ያን ቀን ግን አልጠፋ አለ።

ቁጭ ብለው አሰቡ። «እንግዲህ ፍልሰታ ሊገባ ነው። ጾሙ ሲፈታ ተመልሼ እመጣለሁ። ከጨርቅ ከወጣች ትቆይልህ፤ ካልወጣች ጓዟን ይዛ ከእኔ ጋር ትሄዳለች።» ሚስቴም በደብዳቤ «እማዬ ካለች እንግዲህ» ብላ ነገሩን ዘጋችው። ሁለት ሳምንት ተሰጠኝ።

በማግስቱ ገበያው ዳር ካለው ሱቅ ፖፖ ገዛሁ። ነጋዴው ለምን እንደምፈልገው ሳይጠይቅ በጋዜጣ ጠቀለለልኝ፤ ሁለት ሴት ልጆች እንዳሉት የነገረኝ ዕቃውን ከተቀበልኩ በኋላ ነው። ልጄ ፖፖውን ወዲያው ወደደችው። ጭንቅላቷ ላይ አጠለቀችው፣ አሻንጉሊቷን አስተኛችበት፣ ድንች ሰበሰበችበት። አስቀምጬ «ሽሽ በይ» ስላት እኔኑ መልሳ «ሽሽ» ትለኛለች። ግማሽ ሰዓት ተቀምጣ ትነሳና ሁለት እርምጃ ራቅ ብላ ወለሉ ላይ ትለቀዋለች። አንድ ቀን ጮህኩባት። አልቅሳ መጥታ የተቀመጠችው እኔው ጭን ላይ ነው። በራሴ አፈርኩ። ጎረቤቴ በአጥር በኩል «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ እኔ ግን አንዴ ከጀመርኩ ወደ ኋላ የማልል ሰው ነኝ።

ስምንተኛው ቀን ላይ አንድ ባለጋሪ በራችን ላይ ፈረሱን አቁሞ ዝናቡ እስኪያባራ ይጠብቅ ነበር። ልጄን ታቅፌ በረንዳው ላይ ቆሜአለሁ። ባለጋሪው ዝቅ ያለች፣ ረጅም፣ ዜማ የሌላት ፉጨት አፏጨ። ፈረሱ ጆሮውን ወደ ኋላ አዘነበለ፣ የኋላ እግሮቹን ከፈት አደረገና ሸና። ልጄ ትንፋሿን ውጣ አየችው። ወዲያው ክንዴ ሞቀኝ። እሷም ለቃዋለች።

ያቺን ፉጨት አውቃታለሁ። ያደግሁት ጎጆ በምትባል ከተማ ዳር፣ ገብስና ድንች የሚበቅልበት ብርድ አገር ነው። አባቴ ማለዳ ፈረሱን ከመጫኑ በፊት እንደዚያ ያፏጭለት ነበር። እኔ በጋቢ ተጠቅልዬ፣ እንቅልፌን ሳልጨርስ፣ ደጃፍ ላይ ቆሜ አያለሁ። አመዳይ ከለበሰው መሬት እንፋሎት ይነሳል፤ አባቴ እንፋሎቱ ውስጥ ገብቶ ይጠፋል፤ ፉጨቱ ብቻ ይሰማኛል። ያየሁት ይሁን ያለምኩት ዛሬም አልለየሁትም።

በማግስቱ ልጄን ፖፖው ላይ አስቀምጬ አፏጨሁ። ቀና ብላ አየችኝ። ፊቷ ቀስ እያለ ተለወጠ፤ ወደ ውስጧ የምታዳምጥ መሰለች። ከዚያ ፖፖው ላይ ኮለል ሲል ተሰማ። ሁለታችንም እኩል ደነገጥን። ከቢሮ ሹመት ቢመጣልኝ ያን ያህል ደስ አይለኝም ነበር።

ስህተቴ የገባኝ ቆይቶ ነው። ልጄ ያለ ፉጨት ጠብታም አትለቅም። ጠዋት ከእኔ ጋር ሸንታ እስከ ቀትር ትይዛለች። ለጎረቤቴ ምስጢሩን ነግሬ እባክሽ አፏጪላት ብላት በነጠላዋ አፏን ይዛ ሳቀች።

«ማሎ፣ እባክህ፣ ሴት ልጅ ታፏጫለች እንዴ? ሰው ቢሰማኝ ምን ይለኛል?»

ስለዚህ በምሳ ሰዓት እየሮጥኩ እመጣለሁ። ልጄ በሩ ላይ ቆማ፣ ጉልበቶቿን ገጥማ፣ መንገዱን እያየች ትጠብቀኛለች። እውነቱን ልናገርና ደስ ይለኝ ነበር። ያለ እኔ አለመቻሏ ደስ ይለኝ ነበር። አማቴ ይህን ሲያዩ እንዴት አድርገው ይወስዷታል እያልኩ በልቤ እፎክር ነበር።

ጾሙ በተፈታ በሦስተኛው ቀን ማታ አማቴ ዘንቢላቸውን ይዘው ከአውቶቡስ ወረዱ። በማግስቱ ጠዋት ልጄን ጓዳ አስገብቼ፣ በሩን ዘግቼ፣ በሹክሹክታ አፏጨሁላት። ፖፖውን ይዤ ስወጣ አማቴ አዩና «ደህና» አሉ። ልጄን ለእሳቸው ትቼ ቢሮ ገባሁ። በምሳ ሰዓት እደርሳለሁ ብዬ ስለ ፉጨቱ አልነገርኳቸውም። አፍሬ ነው።

ልክ ለምሳ ልንወጣ ስንል የውይይት ክበብ ስብሰባ አለ ተባለ። አዳራሹ ተዘጋ። ተናጋሪው ስለ ምርት እድገት ይናገራል፤ እኔ በመስኮቱ ዝናቡን እያየሁ የልጄን ሆድ አስባለሁ። ሰባት ሰዓት አለፈ፣ ስምንት አለፈ። ለመውጣት ሁለቴ እጄን ባወጣ ሁለቴም «ተራህን ጠብቅ» ተባልኩ፤ ሐሳብ ልሰጥ መስሏቸዋል። ስብሰባው ያለቀው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ጃንጥላዬን ረስቼ በጭቃው ሮጥኩ።

ጎረቤቴ በሩ ላይ ጠበቀችኝ። «ኢንተላ ኬ፣ ልጅህ፣ ከጠዋት ጀምሮ አልሸናችም። ሆዷ ድንጋይ ሆኗል። የፉጨቱን ነገር ለአማትህ ነገርኳቸው፣ ምን ላድርግ?»

ከጓዳ አንድ ድምፅ ሰማሁ። ቀጭን፣ የሚቆራረጥ፣ ከግማሽ በላይ ትንፋሽ የሆነ ፉጨት ነው። ቀረብ ብዬ በበሩ ክፍተት አየሁ። አማቴ መሬት ላይ ተንበርክከዋል። ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው፣ በተነቀለው የፊት ጥርሳቸው በኩል ያፏጫሉ። ሁለቱን ሳምንት አዲስ ዓለም ማርያም ለጸሎት ቆመው የከረሙ ሴት ናቸው። ልጄ ፖፖዋ ላይ ሆና፣ ጉንጯ በእንባ ርሶ፣ አፋቸውን ታያለች። ትንፋሽ ሲያጥራቸው ያርፋሉ፣ ከንፈራቸውን በምላሳቸው ያረጥቡና እንደገና ይጀምራሉ። መንቀሳቀስ ፈራሁ። ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም፤ ውጭ ዝናቡ እየጠና ነበር። በመጨረሻ ውሃው ፖፖው ላይ ሲወርድ ተሰማ፤ ረጅም ጊዜ ወረደ። አማቴ አማተቡ።

ስገባ አላፈሩም። እኔ ነበርኩ የምገባበት የጠፋኝ።

«ለምን አልነገርከኝም?» አሉ።

«አፍሬ ነው እማማ።»

«ቀኑን ሙሉ በር በሩን ስታይ ዋለች። እያቃሰተች እንኳ አንተን ነው የምትጠብቀው።» ልጄን አነሱና ቀሚሷን አስተካከሉላት። «ይህንን እንኳን አፏጭቼ አወጣሁላት። ወስጃት ብሄድ ሌላ ሌላውን በሆዷ ይዛ ስትቀመጥ በምን ላወጣላት ነው?»

አማቴ ወደ አልጋው ሄደው ዘንቢላቸውን ከፈቱ። ከጋቢያቸው ሥር የልጄን ሁለት ቀሚሶች፣ ካልሲዎቿንና የሱፍ ሹራቧን አንድ በአንድ አወጡ፤ ሁሉም በደንብ ታጥፈው ነበር። ሌሊቱን እኛ ተኝተን ሳለ ነው ያጠፏቸው። ጠዋት «ደህና» ሲሉኝ የልጄ ጓዝ ተጠቅልሎ አልቆ ነበር።

ቀሚሶቹን ትራሱ ላይ ደረደሩና ሹራቡን ሰጡኝ። «ብርድ ነው፣ አልብሳት» አሉ። ለልጄ አጠለቅሁላት። አንገቱ ጠቧት ነበርና ጭንቅላቷ እስኪወጣ ድረስ ሁለታችንም ጠበቅናት።