ቁም ሳጥን ላይ የከረመችው ጽዋ

እትዬ ሰብለወንጌል ሲስቁ ሳቃቸው ሦስት አጥር ተሻግሮ እኛ ቤት ድረስ ይሰማ ነበር። ከልደታ ማርያም በስተጀርባ የነበረው ያ ሠፈር አሁን የለም። የጋራው ቧንቧ፣ ሰው ሳያንኳኳ የሚገባበት በር፣ ጭቃው ሳይቀር ይናፍቀኛል ብል ማን ያምነኛል?

ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን የልደታ ጽዋ ነበረ። አሥራ ሁለት ማኅበርተኞች በየተራ ይደግሳሉ። ድፎው ተቆርሶ፣ ጠላው ተጠጥቶ፣ ጸሎቱ ሲያበቃ የሚቀጥለው ተረኛ ጽዋዋን በነጠላው ሸፍኖ በእልልታ ወደ ቤቱ ይወስዳታል። እናቴ ስትደግስ የእኔ ድርሻ ብርጭቆ ማጠብ ነበር። እያጉረመረምኩ ነበር የማጥበው፣ አልዋሽም።

የመጨረሻው ድግስ እኛ ቤት ነበር። ጽዋዋን የተረከቡት እትዬ ሰብለ ናቸው። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ባለቤታቸው ጋሽ ገረሱ ድንገት አረፉ። አርባቸው በወጣ ሰሞን ደግሞ ሠፈሩ ፈረሰ። ሰዉ ገሚሱ ጀሞ፣ ገሚሱ ገላን ተበተነ። ለእኔና ለእናቴ ልደታ ኮንዶሚኒየም ሁለተኛ ፎቅ ደረሰን፤ ለእትዬ ሰብለ ከእኛ በላይ። ያ ሳቅ ግን ደረጃውን አልወጣም። ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ እንኳ በሩን ተሳልመው ይመለሳሉ እንጂ ውስጥ አይገቡም። ስለ ጽዋዋ ጠይቂያቸው እንጂ ብዬ እናቴን ስነዘንዛት «ጽዋ የያዘ ሰው አይጠየቅም፤ ራሱ ነው የሚጠራው» ትለኝ ነበር። እንዲህ እንዳለች ከሦስት ዓመት በፊት አረፈች።

ባለፈው ፋሲካ ሰሞን መጋረጃ ላወርድላቸው ወንበር ላይ ስወጣ፣ ቁም ሳጥኑ ላይ በነጠላ የተጠቀለለ ነገር አየሁ።

«እትዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ተይው! እንዳትነኪው!» አሉና አልጋው ላይ ቁጭ አሉ። «ጽዋዋ ናት። ስምንት ዓመት ማርያምን እዚያ ላይ አስቀምጬ በምን ፊቴ ቤቷ ልግባ? ገረሱ የሞተ ሰሞን ተራዬ አለፈ። በወሩም አቃተኝ። ከዚያ አፈርኩ። ማኅበሩ በእኔ ፈረሰ።»

ተናደድኩ፤ በእሳቸው ሳይሆን በሁላችንም። እዚያው ስልኬን አውጥቼ የማኅበሩ ሰብሳቢ ለነበሩት ለጋሽ ፈቃደ ደወልኩ፤ እትዬ እንዲሰሙ ድምፁን ከፍ አደረግኩት።

«ጋሽ ፈቃደ፣ ማኅበሩ ፈርሷል እንዴ?»

«ማን አፈረሰው?» አሉ በቁጣ። «ጽዋዋ ሰብለ ጋ አይደለች? ሐዘኗ እስኪወጣላት እየጠበቅናት ነው። በየወሩ ለልደታ ስመጣ በሩን ተሳልማ ስትመለስ አያታለሁ። እንዳላሳፍራት ብዬ ነው እንጂ ልጠራት አፌ ላይ ይመጣል።»

እትዬ ሰብለ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፍነው አለቀሱ። መጋረጃውን እንደታቀፍኩ እኔም አብሬ አለቀስኩ።

የግንቦት ልደታ ዕለት ጠዋት ጽዋዋን ይዘው ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆሙ። ጋሽ ፈቃደ ከኋላ መጥተው «ግቢ እንጂ፣ መንገድ ዘጋሽ!» አሏቸው። ገቡ። ሲወጡ ዓይናቸው ቢያብጥም ፊታቸው በርቶ ነበር። «ለካ አልተቀየመችኝም» አሉኝ።

ከሰዓት ኮንዶሚኒየሙ ግቢ ውስጥ ንፍሮ ተቀቀለ፣ ድፎው ተቆረሰ። ከአሥራ ሁለቱ የመጡት አምስት ብቻ ናቸው። የሌሉትን አንድ በአንድ ቆጠርኩ። ጸሎቱ ሲያበቃ ጋሽ ፈቃደ «ተረኛ ማነው?» ሲሉ እጁን የዘረጋ አልነበረም። አርጅተዋል፤ ቤታቸውም ሩቅ ነው። እትዬ ሰብለ ተነሥተው ጽዋዋን ወደ እኔ ይዘው መጡ።

«የእናትሽ ቦታ ባዶ ነው።»

«እኔ? ጠላ መጥመቅ የማልችለው?»

«ስምንት ዓመት ካቆየኋት ከእኔ አትብሺም!» ብለው ሳቁ። ያ የድሮው ሳቅ ነበር፤ ሰው በየፎቁ በረንዳ ላይ ወጥቶ አየን።

ጽዋዋ አሁን እኔ ቤት ናት። ቁም ሳጥን ላይ አይደለችም፤ በር ሲከፈት የምትታይ ጠረጴዛ ላይ ናት። እትዬ ሰብለ ማለዳ ማለዳ ይወርዱና «ጌሾው ተገዛ?» እያሉ ሳያንኳኩ ይገባሉ።